«ልጄ ፒቸር ነው፤ እስከ ትልቁ ሊግ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንዲት እናት የጻፉት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ የ16 ዓመት ልጃቸው በትምህርት ቤቱ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ነው። ኳሱ በሰዓት 89 ማይል ይሄዳል። በሰመር የሚጫወትበት ክለብ አሰልጣኝ «የብርዱንም ወራት አዳራሽ ውስጥ እየወረወረ ካሳለፈ ትምህርት ቤት እንደጨረሰ ይፈርማል» ብሏቸዋል። እሳቸውና ባለቤታቸው ስለ ጨዋታው ብዙም አያውቁም። ከፈረመ በኋላ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን ሊግ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? እስከዚያ በምን ይኖራል? ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ዕድሉ ያመልጠዋል ወይ?

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከአሥር ዓመት በላይ የሠራሁት የወርዋሪዎችን ትከሻና ክርን ነው፤ ግማሹን ጊዜ ያሳለፍኩትም በማይነር ሊግ ቡድኖች የሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላስቀድም። ዩኒቨርሲቲ መግባቱ በሩን አይዘጋበትም። ብርዱን ሳያርፍ መወርወሩ ግን ሊዘጋበት ይችላል። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት መንገዱን ከታች ጀምሬ ማሳየት አለብኝ፤ ትንሽ ይታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩት ሜጀር ሊግ 30 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን ደግሞ ከሥሩ በደረጃ የተደረደሩ አራት ቡድኖች አሉት፤ ማይነር ሊግ የምንለው ይህን ነው። በአቅራቢያችሁ ያለውን የዋሽንግተን ቡድን፣ ናሽናልስን፣ እንውሰድ። አዲስ የፈረመ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፍሎሪዳ ባለው ማሠልጠኛ ከጀማሪዎች ጋር ይቆያል። ቀጥሎ ፍሬደሪክስበርግ ይላካል፤ ይህ ሲንግል ኤ የሚባለው ደረጃ ነው። ከዚያ ዊልሚንግተን ሃይ ኤ፣ ከዚያ ሃሪስበርግ ደብል ኤ፣ በመጨረሻ ሮቸስተር ትሪፕል ኤ። ሮቸስተርን ያለፈ ዋሽንግተን ይገባል። በካርታ ላይ ሲታይ ቅርብ ነው። በዕድሜ ሲቆጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል፤ ከሚፈርሙት የሚበዙትም ጭራሽ አይደርሱም። ላስፈራራዎ አይደለም። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቀር የሚለየው ነገር አሰልጣኙ የነገራችሁ አለመሆኑን ስለማውቅ ነው።

ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ መቺው ካለበት 18.44 ሜትር ይርቃል። 95 ማይል የሚሄድ ኳስ ያንን ርቀት የሚጨርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው፤ መቺው ዱላውን ላንሳ አላንሳ የሚለው ከዚያ በግማሹ ውስጥ ነው። ሲንግል ኤ ላይ ያሉት መቺዎች ገና ልጆች ናቸው። ፈጣን ኳስ ካዩ ከመስመሩ የወጣውንም ያሳድዱታል። ስለዚህ ፍጥነት ብቻ ያለው ወርዋሪ እዚያ ሲጫወት የሚያቆመው የለም። ደብል ኤ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሃሪስበርግን የሚገጥመው መቺ መጥፎውን ኳስ አይነካም፣ ቆሞ ያሳልፈዋል። አራት መጥፎ ኳስ ካለፈለት በነፃ አንደኛውን ቤዝ ይይዛል። ወርዋሪው በግድ መሀል ለመሀል ሲያመጣለት ደግሞ ከአጥር ውጭ ይልከዋል። በርካታ ልጆች ሲወድቁ ያየሁት እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ክንዳቸው ሳይታመም፣ ፍጥነታቸውም ሳይቀንስ ነው የወደቁት። የጎደላቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ዓይነት አወራወር ነው፤ እሱንም በፈለጉት ጊዜ በፈለጉት ቦታ ማሳረፍ ነው።

ይህን ከምንም በላይ ያስተማረኝ የወርዋሪው የጄኮብ ዲግሮም ታሪክ ነው። ልጁ ፍሎሪዳ ውስጥ ስቴትሰን በሚባል ዩኒቨርሲቲ ሲማር አብዛኛውን ጊዜ የተጫወተው በሜዳ ተከላካይነት ነው፤ ወደ ጉብታው የወጣው በመጨረሻው ዓመቱ ነው። በ2010 ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ድራፍት የኒው ዮርክ ሜትስ ቡድን በዘጠነኛው ዙር መረጠው፤ ከእሱ በፊት 271 ልጆች ተመርጠው ነበር። ጥቂት ጨዋታ እንደተጫወተ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ 2011ን ሙሉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። አስቡት፤ 23 ዓመት ሞልቶት ገና የመጀመሪያውን ደረጃ በወጉ አልረገጠም።

በዚያ ባዶ ዓመት ግን አንድ ነገር አገኘ። በማሠልጠኛው ውስጥ ከትከሻ ቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ የነበረ አንጋፋ ወርዋሪ፣ ጆሃን ሳንታና፣ የቼንጅአፕን አያያዝ አሳየው። ቼንጅአፕ ማለት ክንዱ ልክ ለፈጣኑ ኳስ እንደሚወረወር ሆኖ፣ ኳሱ ግን ዘግየት ብሎ የሚደርስበት ውርወራ ነው። መቺው በክንዱ ፍጥነት ይታለላል፣ ዱላውን ቀድሞ ያሳልፈዋል። ዲግሮም በ2012 የሜትስ ሲንግል ኤ ቡድን በነበረበት ሳቫና ላይ ከዜሮ ጀመረ፤ በ2013 ደብል ኤውን ቢንግሃምተንን አልፎ ትሪፕል ኤው ላስ ቬጋስ ደረሰ። ሜይ 15 ቀን 2014 በሌላ ወርዋሪ ጉዳት ምክንያት ቦታ ተገኝቶ ከያንኪስ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በሜጀር ሊግ ወረወረ። ሰባት ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ የሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች እያንዳንዳቸው ኢኒንግ ይባላሉ) ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት፤ ቡድኑ 1 ለ 0 ተሸነፈ። 26 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። የዚያን ዓመት ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ2018 በ217 ኢኒንግ፣ በየዘጠኙ ኢኒንግ በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ እየተቆጠረበት፣ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመትም ደገመው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በ20 ዓመቱ እንኳ በቅጡ ወርዋሪ ያልነበረ ሰው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ እዚያው ደጃችሁ የነበረውን ወርዋሪ ስቴፈን ስትራስበርግን ይመልከቱ። በ2009 ከሀገሩ ወጣቶች ሁሉ አንደኛ ሆኖ በናሽናልስ ተመረጠ፤ የፈረመው ውል 15.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማይነር ሊግ ላይ 11 ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ጁን 8 ቀን 2010 ዋሽንግተን ገባ። በመጀመሪያው ምሽት በ94 ውርወራ 14 መቺዎችን አስወጣ። ያን ምሽት ያየ ሰው አይረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ሦስት ወር ሳይሞላ ጅማቱ ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ሆነ። ተመልሶ በ2019 ለዋሽንግተን ዋንጫ ያስገኘ፣ የወርልድ ሲሪሱ (የሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ) ኮከብ የተባለ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ከዋንጫው በኋላ የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ግን የቻለው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። በአንገትና በትከሻ መሀል የሚያልፉት ነርቮቹ ታፍነው፣ በ2024 ጨዋታውን አቆመ። የፈጠነው መንገድ ያንን አመጣ ለማለት አይደለም፤ አንድን ጉዳት በአንድ ምክንያት ማስረዳት አይቻልም። የምለው፣ ከሰው ሁሉ የተለየ ተሰጥኦ ያለውም ቢሆን ይህንኑ ጅማት ይዞ ነው የሚወረውረው።

ስለዚህ ጅማት ልንገርዎ። የሚገኘው በክርኑ ውስጠኛ ጎን ነው፤ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር ያስራል። ልጅዎ ሲወረውር ክንዱ ወደ ኋላ ተለጥጦ ድንገት ወደ ፊት ሲዞር ክርኑ ወደ ውጭ ሊከፈት ይፈልጋል። የሚይዘው ይህ ጅማትና በክንዱ ውስጠኛ በኩል ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻው ሲደክም ሸክሙ ወደ ጅማቱ ይሄዳል። ጡንቻ በቀናት ያገግማል፣ ጅማት ግን ደም የሚደርሰው በጥቂቱ ስለሆነ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። ጨዋታ ሳይቋረጥ ሲቀጥል የጥር ወር ጥቃቅን ቁስል ሳይድን የመጋቢቱ ይደረብበታል።

ከተበጠሰ የሚተካው በሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ነው። አውራ ጣትዎን ከትንሿ ጣትዎ ጋር አገናኝተው የእጅዎን አንጓ ወደ ራስዎ ትንሽ ያጥፉት። አንጓዎ መሀል ላይ እንደ ክር ብድግ የሚል ነገር ካዩ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ የለም፤ ያኔ ከእግር ይወሰዳል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ቶሚ ጆን በሚባል ወርዋሪ ላይ ነበር፤ ኦፕራሲዮኑ እስከ ዛሬ የሚጠራው በሰውየው ስም ነው። ቶሚ ጆን በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ፤ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጡ ናቸው። ይህን የሰሙ ወላጆች «ቢበጠስም ይሠራለታል» ሲሉኝ እሰማለሁ። ይሠራለታል፤ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ግን ይወስዳል፣ ሁሉም ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ዲግሮምም በ2023 ሁለተኛ ጊዜ ቢላዋ ሥር ገብቷል።

አንድ ያጋጠመኝን ላጫውትዎ። በአንዱ ቡድን ስሠራ፣ የ20 ዓመት ግራኝ ወርዋሪ ጣቱ ላይ ውሃ ለቋጠረ ቁስል ፋሻ ሊጠይቀኝ መጣ። ፋሻውን እየጠቀለልኩ ሳለ ትንሿን ጣቱን ደጋግሞ ሲያጥፍና ሲዘረጋ አየሁት። «ይደነዝዝሃል?» አልኩት። ዝም አለ። አልጋው ላይ አስተኝቼ የክርኑን ውስጥ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ትከሻው ከአልጋው ተነሣ። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ በዚያ መሀል አራት ጊዜ ወርውሯል። ከላይ የመጡ ተመልካቾች ማስታወሻ ይዘው ከአጥሩ ኋላ ተቀምጠው ስለነበር ነው የደበቀው። «አሁን ብናገር ስሜ ከዝርዝሩ ይወጣል» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ሊደውል ፈልጎ መልሶ ኪሱ ሲከተው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ዓመት ተኩል ተቀምጦ ተመለሰ፤ ፍጥነቱ ግን አብሮት አልተመለሰም።

ወደ ኑሮው ልምጣ። ድሮ የማይነር ሊግ ተጫዋች ስድስት ሆኖ በአንድ አፓርታማ ወለል ላይ ይተኛ ነበር፤ አሁን ተሻሽሏል። ከ2022 ጀምሮ መኖሪያ የሚያቀርበው ቡድኑ ነው። በ2023 በተጫዋቾቹ ማኅበር በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈረመው ውል ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ለጀማሪዎች 19,800 ዶላር፣ ሲንግል ኤ ላይ 26,200፣ ደብል ኤ ላይ 30,250፣ ትሪፕል ኤ ላይ 35,800 ሆነ። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ሜጀር ሊግ ላይ ደግሞ በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር፤ የሚታሰበው በቀን ስለሆነ ሮቸስተር ላይ በዓመት የሚያገኘውን ዋሽንግተን በዘጠኝ ቀን ገደማ ያገኘዋል። 43 ቀን ከቆየ የጡረታ መብት ይጀምርለታል። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሀል ያለው ገደል ነው ያን ልጅ ሕመሙን ያስደበቀው።

አንድ ሰው ችሎታው ደርሶም ሊቆም እንደሚችል ማወቅ ጥሩ ነው። ሜጀር ሊግ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት 26 ናቸው፤ ከነሱ ወርዋሪ ሊሆኑ የሚችሉት ቢበዛ 13። ከነሱ ጀርባ 40 ስሞች ያሉት ዝርዝር አለ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባ ወጣት ለሦስት ዓመት ያህል ሲፈለግ ወደ ላይ ይጠራል፣ ሲፈለግ ወደ ታች ይመለሳል፤ በአንድ የውድድር ዓመት እስከ አምስት ጊዜ ድረስ። ሌሊት ተደውሎለት ሻንጣውን ይዞ በርሮ፣ አንድ ኢኒንግ ወርውሮ፣ በማግስቱ የሚመለስ ብዙ ነው። ቡድኑ ዝርዝሩ ውስጥ ሳያስገባው ዓመታት ያለፉትን ተጫዋች ደግሞ ሌላ ቡድን በዲሴምበር መጥቶ ሊወስደው ይችላል፤ የወሰደው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሜጀር ሊግ ላይ ሊያቆየው ይገደዳል። ለዲግሮም ያንን ኳስ ያሳየው ሳንታና ራሱ ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በዚህ ሕግ ነው፤ በኋላ ሁለት ጊዜ ሳይ ያንግ ወስዷል።

የጀመረበት ሚናም ላይጸና ይችላል። ማሪያኖ ሪቬራ ከፓናማ የአሣ አጥማጅ መንደር በ1990 በጥቂት ሺህ ዶላር የፈረመ ልጅ ነበር። በ1992 ክርኑን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ በ1995 በ25 ዓመቱ ያንኪስ ሲገባ ጨዋታ ጀማሪ ወርዋሪ ሆኖ አልተሳካለትም። ወደ መጨረሻው ኢኒንግ አዛወሩት፤ ማንም ያልደረሰበትን 652 ጨዋታ ዘግቶ ጨረሰ። ሪች ሂል ደግሞ በ35 ዓመቱ ከማንኛውም ትልቅ ቡድን ጋር በማይገናኝ ሊግ ውስጥ ሎንግ አይላንድ ላይ ሲወረውር ተገኝቶ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ በ2025 በ45 ዓመቱም ሜጀር ሊግ ላይ ወርውሯል። ክንድ እስካለ ድረስ በሩ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ። በየጁላይ የሚደረገው ድራፍት 20 ዙር አለው። ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ሊመረጥ ይችላል። አራት ዓመት የሚፈጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ግን እንደገና የሚመረጠው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተመርጦ ሕይወት የሚለውጥ ገንዘብ ካልቀረበለት በስተቀር የእኔ ምክር ዩኒቨርሲቲ ይግባ ነው። ሦስት ዓመት ሰውነቱ ይጠነክራል፣ ሌላ ዓይነት ኳስ ይማራል፣ ቢጎዳ እንኳ ትምህርቱ እጁ ላይ ነው። እንፈርማለን ካላችሁም የትምህርት ክፍያው በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ቡድኖች ይሰጣሉ፣ ነገር ግን ያልተጻፈ ቃል በኋላ አይሠራም።

አሰልጣኙ ለብርዱ ስላለው ነገር ግን «አይሆንም» ይበሉት። ሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር አብረው ያወጡት ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ አለ። የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ95 ውርወራ እንዳያልፍ፣ 76 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን እንዲያርፍ ይላል። በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ ይረፍ፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ሦስቱ ወር ተከታታይ ይሁን ይላል። በነዚያ ወራት እግሩንና ወገቡን ይሥራ፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወት፣ ይተኛ። ትምህርት ቤቱና ክለቡ አንዱ የሌላውን ቁጥር ስለማያውቁ የሚደምረው ከቤት መሆን አለበት። 89 ማይል በ16 ዓመቱ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ሰውነቱ ሲያድግ በራሱ ይጨምራል። ያንን ለማፋጠን ብሎ ጅማቱን ማጣት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ኤፕሪል ሲገባ ደግሞ አንድ ምሽት ሦስታችሁም ወደ ፍሬደሪክስበርግ ውረዱ፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከተቀባዩ ጀርባ ካለው መረብ ኋላ ተቀመጡ። ኳሱን አይከተሉ፤ ወርዋሪው ከተመታበት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ይዩ። አንዱ ከጉብታው ወርዶ ከኋላ ያለችውን የዱቄት ከረጢት አንሥቶ ጣቱን ያደርቃል፣ ይተነፍሳል፣ እግሩን ያንኑ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ሌላው ቸኩሎ ይበልጥ ሊያፈጥን ይሞክራል፤ ክርኑ ከትከሻው ዝቅ ሲል በዓይንዎ ይታይዎታል። ልጅዎ የትኛውን እንደሚመስል እሱ ራሱ ይነግርዎታል፤ ይጠይቁት።

እስከዚያ ድረስ ከአንድ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ቀኑን፣ በዚያ ቀን የወረወረውን ብዛት፣ በማግስቱ ጠዋት ክርኑ ምን እንደተሰማው። ትንሿ ጣቱ ወይም የቀለበት ጣቱ ከደነዘዘ፣ ወይም የክርኑ ውስጥ በሁለተኛው ቀንም ካመመው፣ ውርወራውን አስቁመው በዚያው ሳምንት የስፖርት ሐኪም ያሳዩት። ስድስት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ አይቼ መልስ እሰጥዎታለሁ።